«አሞዎታል ወይስ ደክሞዎት ነው?»

በውጭ አገር የረጅም ርቀት አየር መንገዶች ስላለው የአብራሪዎች የሥራ ሁኔታ፣ አዲስ አበባ ላይ ለወጣት አብራሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። የቅዳሜ ምሽታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ገና ትምህርት ላይ ያላችሁ አላችሁ፤ በረዳት አብራሪነት ጥቂት ዓመት የሠራችሁም አላችሁ። ልጃቸው ወይም የትዳር ጓደኛቸው ወደ ውጭ ሊሄድ ስለሆነ «እስቲ እንስማው» ብለው የመጡ እናቶችና አባቶችም ከኋላ ይታዩኛል። እነሱም እንዲከታተሉን የሙያውን ቋንቋ በተቻለኝ መጠን እቀንሳለሁ። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ።

ይህች በእጄ የያዝኳት ወረቀት የአንድ ወር የሥራ ፕሮግራሜ ናት። እኛ ሮስተር እንላታለን። ወሩ ጁላይ ነው። በዚያን ጊዜ የዓረብ አገሮቹ ባሕረ ሰላጤ ላይ ለሚገኝ አንድ የረጅም ርቀት አየር መንገድ ቦይንግ 777 አበር ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የመጣሁት ለመክሰስ አይደለም፤ የምነግራችሁም ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ላንብብላችሁ። ወሩ የሚጀምረው በሲድኒ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ 14 ሰዓት በረራ፣ እዚያ አንድ ቀን፣ ከዚያ 14 ሰዓት ተኩል መልስ። ሁለት ቀን ዕረፍት። ቀጥሎ ሌጎስ፣ 8 ሰዓት ሄዶ 7 ሰዓት ተኩል መመለስ። ካራቺ በአንድ ሌሊት ደርሶ መልስ። ከዚያ ኒውዮርክ፣ ሲሄድ 14 ሰዓት፣ ሲመለስ 12 ሰዓት ተኩል። ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ አንድ ቀን ስታንድባይ፤ ማለትም ስልክ ሲደወል ሻንጣ አንሥቶ መውጣት። እዚህ ጋ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ማንቸስተር የመጣው በዚያ ስልክ ነው። ድምሩ 89 ሰዓት።

አንድ አጎቴ ይህን ቁጥር ሲሰማ «በወር 89 ሰዓት? ይሄማ ዕረፍት ነው!» ብሎኝ ነበር። አልፈረድኩበትም። ቁጥሩን ለማያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ ቢሮ የሚሠራ ሰው በሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ግን የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላው ጫፍ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ያለው ብቻ ነው። ከቤት መውጣቱ፣ ከበረራው በፊት የአየር ሁኔታውን፣ ነዳጁን፣ መንገዱን የምናይበት ጊዜ፣ በኢሚግሬሽን ማለፉ፣ የሆቴሉ አውቶቡስ፣ ፀሐይ ወጥታ በመጋረጃ ውስጥ ለመተኛት የሚደረገው ትግል፣ አንዱም እዚህ 89 ውስጥ የለም።

ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ ሰውነትን የሚያፈርሰው ደግሞ አቅጣጫው ነው። በጁላይ ሲድኒ ከባሕረ ሰላጤው በ6 ሰዓት ይቀድማል፤ ኒውዮርክ በ8 ሰዓት ይዘገያል። ሰውነት ከአዲስ ሰዓት ጋር የሚታረቀው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እያደረገ ነው ይባላል። እኔ ግን ሲድኒ የቆየሁት አንድ ቀን ነው። ከምሥራቁ ሳልታረቅ ወደ ምዕራብ ተላክሁ። በወሩ መጨረሻ ላይ ሆዴ የትኛው አገር ሰዓት ላይ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ እኔ ግን ሌሊት ነው የሚመስለኝ። ማቀዝቀዣው በር ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅላ ነበር፤ ቤት ያደርኩባቸውን ሌሊቶች በአረንጓዴ ታከባለች። በዚያ ወር አረንጓዴዎቹ ብዙ ነበሩ። የተኛሁባቸው ግን ከእነሱ ውስጥ ጥቂቱ ናቸው።

አሁን ስለ ስልኩ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ወደዚህ ያመጣኝ እሱ ነውና።

ከኒውዮርክ ከተመለስኩ በኋላ ሁለቱ የዕረፍት ቀናት አለፉ። በሁለቱም ሌሊት ዓይኔ ፈጦ አደረ። በሦስተኛው፣ በስታንድባዩ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የበረራ ሠራተኛ ምደባ ክፍል ነው። አንዲት ትሑት ድምፅ ያላት ወጣት ማንቸስተር የሚሄድ ካፒቴን እንደጎደላቸው ነገረችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ «ደክሞኛል፣ አልተኛሁም» አልኩ። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ካፒቴን፣ አሞዎታል ወይስ ደክሞዎት ነው?» አለችኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን የሁለቱንም መልስ ዋጋ አውቅ ነበር። አሞኛል ካልኩ በዚያው ቀን የሐኪም ወረቀት ማምጣት አለብኝ፤ የሕመም ቀናት ሲደጋገሙ ደግሞ አለቃ ፊት ያስቀርባሉ። ደክሞኛል ካልኩ ቅጽ እሞላለሁ፤ ሁለቱን የዕረፍት ቀናት ምን ስሠራ እንዳሳለፍኩ፣ ለምን እንዳልተኛሁ አስረዳለሁ፤ ከዚያ ቢሮ እጠራለሁ። በዚያች ቅጽበት በአእምሮዬ የመጡትን ነገሮች እስከ ዛሬ አስታውሳቸዋለሁ። የምተኛበት ቤት የድርጅቱ ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የመኖሪያ ፈቃድ በድርጅቱ ስም ነው። «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩ።

ማንቸስተር ስንደርስ ጠዋት ነበር፤ ይዘንባል። ወደ ማረፊያ ሲወረድ የከፍታ መለኪያውን በዚያ ቦታ የአየር ግፊት ማስተካከል ግድ ነው። አብራሪዎቹ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልናገር፦ በዝናባማ ቀን ግፊቱ ዝቅ ሲል ያልተስተካከለ መለኪያ አውሮፕላኑ ካለበት ከፍታ በመቶዎች የሚቆጠር ጫማ አብልጦ ያሳያል። ከፍ ብለህ ያለህ ይመስልሃል፣ አይደለህም። ረዳቴ ጠራኝ። አልሰማሁም። ዓይኔ መሣሪያዎቹ ላይ ነው፣ እጄ መሪው አጠገብ ነው፣ ግን አልነበርኩም። ድምፁ ሲደርሰኝ አስተካከልኩ፤ በሰላም አረፍን። በር ላይ ቆሜ ተሳፋሪዎችን ስሰናበት አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አመሰገኑኝ። ወደ ሆቴል በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ ረዳቴን ስንት ጊዜ እንደጠራኝ ጠየቅሁት። መስኮት መስኮቱን እያየ «ሦስት ጊዜ ጠርቼዎታለሁ፣ ካፒቴን» አለኝ።

በመዝገብ ላይ ምንም የለም። ማንም አልተጎዳም፤ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የአብራሪን የሥራ ሁኔታ የምመዝነው በአንድ ሚዛን ብቻ ነው፦ ያ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልክ ሲደወልለት «ደክሞኛል» ብሎ ዋጋ ሳይከፍል መተኛት ይችላል ወይ? ደመወዙ፣ ቤቱ፣ የአውሮፕላኑ አዲስነት፣ የደንብ ልብሱ ማማር፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሕግ የለም እንዳይመስላችሁ። አለ። በአውሮፓ አንድ አብራሪ በ28 ተከታታይ ቀናት ከ100 ሰዓት፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ከ900፣ በተከታታይ 12 ወራት ከ1000 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም። የሥራ ሰዓቱም በ7 ቀን 60፣ በ14 ቀን 110፣ በ28 ቀን 190 ላይ ይገደባል። አሜሪካም ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ የሚሠራ ራሱን የቻለ ደንብ አላት። ያ ደንብ የተገኘው በደም ነው። በፌብሩዋሪ 2009 ቡፋሎ አጠገብ አንድ አነስተኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ ሥራ ለመግባት ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ሙሉ በጭነት አውሮፕላኖች ስትጓዝ አድራ ነበር የመጣችው። የሟቾቹ ቤተሰቦች ዋሽንግተን እየተመላለሱ የምክር ቤት አባላትን በር ሲያንኳኩ ነው ሕጉ የወጣው።

በዚያ የአሜሪካ ደንብ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው አንድ አንቀጽ አለ። አብራሪው ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ለሥራ ብቁ ነኝ ብሎ ማረጋገጥ አለበት። ደክሞት ከሆነ መብረር አይችልም፤ ድርጅቱም መድቦ ሊያበረው አይችልም። ግዴታው የሁለቱም ነው። ያም ሆኖ የጭነት አየር መንገዶችን ደንቡ አያስገድዳቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ሳጥን የሚጭን አብራሪ እንቅልፍ የማይወስደው ይመስል።

የገደቦቹ ችግር ምንድነው ብትሉኝ፣ መንገድ ዳር «100» ተብሎ እንደተጻፈ የፍጥነት ምልክት መሆናቸው ነው። ምልክቱ ከዚህ አትለፍ ለማለት ነው የተተከለው። ሮስተር የሚሠራው ኮምፒውተር ግን 100 ላይ ድረስ ብሎ ነው የሚያነበው። ሕጉ 100 ካለ 97 ላይ ያለ አብራሪ ጤነኛ ነው፣ ምክንያቱም በቀይ አልታየም። ሌሊት ከሌሊት የተደራረበ ይሁን፣ ምሥራቅና ምዕራብ የተቀያየረ ይሁን፣ ሠንጠረዡ ላይ አይታይም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ የሰው ልጅ አእምሮ ዝቅ የሚልበት ነው፤ ይህን ማንኛውም የምሽት ዘበኛ ይነግራችኋል። የረጅም ርቀት በረራዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ነው የሚነሡት ወይም የሚያርፉት።

«አውሮፕላኑ ውስጥ አልጋ አላችሁ አይደል?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው። በ777 ከኮክፒቱ፣ ማለትም ከአብራሪዎቹ ክፍል፣ ጀርባ በጠባብ መሰላል የሚወጣበት፣ ከመንገደኞቹ ጣሪያ በላይ ያለ ክፍል አለ። ቀና ብላችሁ መቀመጥ አትችሉም። አየሩ ደረቅ ነው፤ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ነው የምታስሩት፤ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ አብራችሁ ትንገጫገጫላችሁ። አራት ሰዓት ተሰጥቷችሁ ሁለት ብትተኙ ዕድለኞች ናችሁ። ቢሆንም እጅግ ይጠቅማል። ናሳ በ1994 ባወጣው ጥናት አብራሪዎች በኮክፒት ወንበራቸው ላይ ለ40 ደቂቃ እንዲያርፉ ዕድል ተሰጥቷቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ፤ ከዚያ በኋላ ንቃታቸው ካላረፉት በግልጽ ተሽሎ ተገኘ። ትንሽ እንቅልፍ እንኳ እንዲህ ዋጋ ያለው ነገር ነው።

እንቅልፍ ግን መልሶም ይጎዳል፤ በተለይ በድንገት ሲነቁ። ሜይ 22 ቀን 2010 ከዱባይ ወደ ህንድ ማንጋሎር የበረረ አንድ 737 ከማረፊያው አልፎ ገደል ገብቶ 158 ሰዎች ሞቱ፤ 8 ብቻ ተረፉ። ካፒቴኑ በውል የተቀጠረ የውጭ አገር ሰው ነበር። የድምፅ መቅጃው ሲደመጥ የካፒቴኑ ማንኮራፋት ለአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ተሰማ። ነቅቶ ወደ ማረፊያው ሲወርድ ከሚገባው ከፍታ በላይ ነበር። ረዳቱ ማረፉን ትተን እንደገና እንነሣ ብሎ ጠየቀው። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። መርማሪዎቹ ከእንቅልፍ የነቃ አእምሮ መደንዘዝን ከምክንያቶቹ መካከል ጻፉት።

ይህን ሪፖርት ሳነብ ሦስት ጊዜ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። ማንቸስተር ላይ የኔም ረዳት ሦስት ጊዜ ነበር የጠራኝ። የኔን ከእሱ የለየው ችሎታ አይደለም።

አሁን ወደ ሆንግ ኮንግ ልውሰዳችሁ፤ ስለ አብራሪና ስለ አሠሪ ያለውን ነገር በግልጽ የሚያሳይ ቦታ ስለሆነ ነው። ካቴይ ፓሲፊክ በ1946 የተመሠረተ፣ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የረጅም ርቀት አየር መንገዶች አንዱ ነው። አብራሪዎቹ ለብዙ ዓመታት በብዛት ከአውስትራሊያ፣ ከብሪታንያ፣ ከካናዳ የመጡ ነበሩ፤ ማለትም ልክ እናንተ ልትሆኑት እንደምታስቡት የሰው አገር ሰዎች። ከባሕረ ሰላጤው የሚለየው ጠንካራ ማኅበር የነበራቸው መሆኑ ነው።

በ2001 ማኅበሩና ድርጅቱ በደመወዝና በሮስተር ተጋጩ። በጁላይ መጀመሪያ አብራሪዎቹ ሥራ አላቆሙም፤ መመሪያው የሚለውን ብቻ ፊደል በፊደል እየጠበቁ መሥራት ጀመሩ። ይህ ብቻውን በረራዎችን አዘገየ። እስቲ አስቡት፤ ደንቡን በሙሉ መጠበቅ ብቻውን ፕሮግራሙን የሚያናጋ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ቀድሞውንም የቆመው በሰዎች ውለታ ላይ ነበር ማለት ነው። ጁላይ 9 ቀን ድርጅቱ የአብራሪዎቹን ማኅደር ሲያገላብጥ ቆይቶ 49ኙን አሰናበተ። ከዚያ ወዲህ የሚጠሩት በዚያ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዳቸው ይህን አጥፍተሃል ተብሎ የተነገራቸው ዝርዝር ጥፋት አልነበረም።

አሥራ ስምንቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። በኖቬምበር 2009 የሆንግ ኮንግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተባረሩት በማኅበር እንቅስቃሴያቸው እንደሆነ ወሰነ፤ ስማቸውን ስላጠፋው መግለጫም ካሣ ፈረደላቸው። ድርጅቱ ይግባኝ አለ፣ ክርክሩ ወጣ ወረደ፤ የመጨረሻው ፍርድ የተሰጠው በሴፕቴምበር 2012 ነው። ዋናውን ነገር ረቱ። 11 ዓመት ከፈጀ በኋላ። በ11 ዓመት ውስጥ ልጅ ያድጋል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ የአብራሪ እጅ ይዝጋል። ማኅበር በሕግ በተፈቀደበት፣ ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት ከተማ ይህን ያህል ከወሰደ፣ ማኅበር በሌለበት አገር ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም አይቻልም። እዚያ ያለ አብራሪ ከድርጅቱ ጋር የሚደራደረው ብቻውን ነው፤ ያውም ከመፈረሙ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ።

የሆንግ ኮንጉ ነገር በዚህ አላበቃም። ኮቪድ መጣ። በኦክቶበር 2020 ካቴይ 5,900 ሠራተኞችን አሰናበተ፤ እህት ድርጅቱን ካቴይ ድራጎንን ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ለቀሩት አብራሪዎች አዲስ ውል ቀረበላቸው፤ ለመፈረም የተሰጣቸው ጊዜ የቀናት ነበር። ደመወዙ በዘላቂነት ቀነሰ፣ የሚከፈለውም ከተበረረው ሰዓት ጋር ይበልጥ ተሳሰረ። ካልፈረምክ ሥራ የለህም። ከ100ው ከ98 በላይ የሚሆኑት ፈረሙ። ዓለም በሙሉ አውሮፕላኑን አቁሞ ሳለ ወዴት ይሄዳሉ?

ቀጥሎ የመጣው ግን ከደመወዙም የባሰ ነበር። ከተማዋ በኮቪድ ላይ የጣለችው ደንብ እጅግ ጥብቅ ስለነበር፣ የጭነት በረራ የሚሠሩት ለሳምንታት ከአውሮፕላን ወደ ሆቴል ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ አውሮፕላን ብቻ እየተመላለሱ ነበር የሚኖሩት። ዞር ብለው አየር የሚወስዱበት ጊዜ የለም፤ መስኮቱ አይከፈትም። በኖቬምበር 2021 ፍራንክፈርት አድረው የተመለሱ ሦስት አብራሪዎች ቫይረሱ ተገኘባቸው። እዚያው ሆቴል ያደሩ ባልደረቦቻቸው ፔኒስ ቤይ ወደሚባለው የመንግሥት ማግለያ ሠፈር ተወሰዱ። በተያያዘም ከአንድ ትምህርት ቤት ከ100 በላይ ሕፃናት ወደዚያው ተላኩ። አባት በመብረሩ ልጅ ከነጓደኞቹ ሲታገድ! ይህን የማነሣው ቫይረሱን ማን አመጣ ለማለት አይደለም። የአብራሪ ሥራ ሁኔታ የሚባለው ነገር ኮክፒቱ ውስጥ ያለው ብቻ እንዳልሆነ፣ እስከ ልጅ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደሚዘልቅ እንድታዩት ነው።

ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ። ከዚያ 2023 አልቆ 2024 ሲገባ፣ መንገደኛው በተመለሰበት ሰሞን፣ ካቴይ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በቀን በአማካይ 12 ያህል በረራ መሰረዝ ግድ ሆነበት። ድርጅቱ ብዙ አብራሪዎች ታመው እንደቀሩና በተጠባባቂ የሚያስፈልገውን የአብራሪ ቁጥር አሳንሶ እንደገመተ አመነ። የዓመቱ የበረራ ሰዓት ገደባቸው ጫፍ ላይ የደረሱም ነበሩ። አብራሪን እንደ ወጪ ብቻ የቆጠረ ድርጅት ሒሳቡ መንገደኛው ላይ ነው የወደቀው።

ስለ ባሕረ ሰላጤው ክፉ ብቻ ብናገር ውሸታም እሆናለሁ። ግብር የማይቆረጥበት ደመወዝ ነው። አውሮፕላኖቹ አዲስ ናቸው፤ የሲሙሌተር ሥልጠናው የትም ቢሄዱ የማያሳፍር ነው። ስትለቁ የሚከፈል የአገልግሎት ገንዘብ በሕግ አለ። እኔ በዚያ ገንዘብ ነው ቤት የሠራሁት፣ ሁለት እህቶቼን ያስተማርኩት። ከዚህ የወጡ ልጆቻችን እዚያ በካፒቴንነት ስማቸውን አስከብረዋል። አትሂዱ ለማለት አይደለም የመጣሁት። ስትሄዱ ግን የቀረበላችሁን ወረቀት ከደመወዙ መስመር ጀምራችሁ አታንብቡ።

ከመውጫው ጀምሩ። መልቀቅ ብትፈልጉ ስንት ወር አስቀድማችሁ ታሳውቃላችሁ? ለአውሮፕላኑ ዓይነት ባሠለጠኗችሁ ምክንያት የምትገቡት የቦንድ ዕዳ ስንት ነው? ይህንን በደንብ ያዙልኝ፦ ዕዳው ባገለገላችሁ ቁጥር በየወሩ ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆያል? ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም። የሦስት ዓመት ቦንድ ሁለት ዓመት ከ11 ወር ሠርቶ ሙሉውን የከፈለ ልጅ አውቃለሁ። አባቱ ታመው ነበር ወደ አገሩ የተጣደፈው።

ቀጥሎ የተረጋገጠውን የሰዓት ክፍያ ተመልከቱ። ባትበሩም የሚከፈላችሁ ስንት ሰዓት ነው? ይህ ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር ሲደክማችሁ የመብረር ፈተናው ይከብዳል። ደክሞኛል ባላችሁ ቁጥር የልጃችሁ ወተት ከቀነሰ፣ ደክሞኛል አትሉም። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሌሊት ጫት ጭኖ የሚከንፈውን የአይሱዙ ሹፌር ተመልከቱ። ያ ልጅ ዕብድ አይደለም። ገበያ ካልደረሰ የማይከፈለው ሰው ነው።

ጤናን አትርሱ። በየዓመቱ የሕክምና ምርመራ አለባችሁ፤ ዕድሜ ሲገፋ ጊዜው ያጥራል። የልብ ምታችሁ ወይም ዓይናችሁ አንድ ቀን ካላለፈ ፈቃዱም ሥራውም አብረው ይሄዳሉ። ድርጅቱ ፈቃድ ሲጠፋ የሚከፍል መድን አለው? ከሌለው ከራሳችሁ ኪስ ግዙት፤ መኪናው ይቆይ። ስለ መኖሪያ ፈቃዱም ጠይቁ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ሥራ የለቀቀ ሰው ቪዛው ከተሰረዘ በኋላ ቤቱን፣ የልጆቹን ትምህርት፣ ዕቃውን ዘግቶ ለመውጣት የነበረው ጊዜ 30 ቀን ነበር። አሁን ረዘም ብሏል ይባላል። ያም ሆኖ ሥራ ፍለጋ፣ ቤት ፍለጋና ትምህርት ቤት ፍለጋ በአንድ ቀን እንደሚጀምሩ እወቁት። በ2020 የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን ሲያሰናብቱ እንደዚያ ነው የሆነው።

የመጨረሻው ጥያቄ በውሉ ላይ አይገኝም፤ እዚያ ያለ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት፦ የድካም ሪፖርት የሚሞላ አብራሪ ምን ይደርስበታል? «ምንም» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሞላ ጠይቁት። ሞልቶ የማያውቅ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

እኛም ዘንድ ችግሩ አለ፤ ዝም ብዬ አላልፈውም። በነሐሴ 2014 በእኛ አቆጣጠር፣ ከካርቱም የመጣ አንድ 737 አዲስ አበባ ላይ መውረድ ሲገባው ከፍ ብሎ ማረፊያውን አልፎ ሄደ፤ አብራሪዎቹ ተኝተው ነበር ተብሎ በዓለም ተዘገበ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበርና የበረራ ሠራተኞቹ እስኪመረመር ከሥራ እንደታገዱ ገለጸ። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ። በዚያ ሳምንት ፌስቡክ ላይ ስንት ቀልድ እንደተቀለደ ታስታውሳላችሁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ «እነማን ናቸው?» ይላል። ያለፈው ሳምንት ሮስተራቸው ምን ይመስል ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እኛ ጎበዝ አይደክመውም ተብለን ነው ያደግነው። ደክሞኛል ማለት ስንፍናን መናዘዝ ይመስለናል። ይህ አስተዳደግ ሰው አገር ስንሄድ አብሮን ይሄዳል፤ ሮስተር የሚሠሩትም እንግዳ ሠራተኛ እምቢ እንደማይል ያውቃሉ።

በሥራዬ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያ ስልክ እንደገና ተደወለ። ሌሊት ነው፣ ስታንድባይ ላይ ነኝ፣ አልተኛሁም። ጥያቄው ያው ነበር። በዚህ ጊዜ ልጆቼ አድገው ወጥተዋል፣ ቤቱን ለማስረከብ ወራት ቀርተውኛል። «አላመመኝም፤ ደክሞኛል። ቅጹን ጠዋት እልካለሁ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ተኛሁ። ስነቃ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ባለቤቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ታየኛለች። ከዚያ በፊት ያንን ማለት ያልቻልኩት ድፍረት አጥቼ እንዳልነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። ያኔ የማጣው ነገር ነበረኝ።

ሮስተሯን ከፊት ለተቀመጣችሁት እሰጣለሁ፤ ተቀባበሏት፣ ሌሊቶቹን ቁጠሩ። ከመካከላችሁ የሥራ ውል ቀርቦላችሁ ያልፈረማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ ይዛችሁት እንደመጣችሁም ነግራችሁኛል። ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ እጠብቃችኋለሁ። መነጽሬን ይዣለሁ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ ኑ።